ለመሀል አዲስ አበባ ዛፍ ለምትመርጡ፦ ካርቦኑንና ወፉን በአንድ መዝገብ ጻፉ

ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ፦ በመሀል አዲስ አበባ የትኛው ዛፍ እንደሚተከልና የትኛው እንደሚቆረጥ ለምትወስኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ በመንገድና በወንዝ ዳር የሚተከሉ ዛፎችን ዓይነት ስለመምረጥና ነባር ዛፎችን ስለመጠበቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በከተማችን ይካሄዳል። ከዚያ በፊት ባሉት ክረምቶች መሀል ከተማው ውስጥ ብዙ ችግኝ እንደሚተከል፣ ብዙ ሣር እንደሚነጠፍ፣ ለመንገድና ለሕንፃ ሲባል ጥቂት የማይባሉ አሮጌ ዛፎች እንደሚወድቁ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተከላውን ለመቃወም አይደለም። ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ችግኝ አፈላለሁ፤ ተከላ ቢቆም ቀድሞ የሚጎዳው እኔ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዛፍ ስትመርጡ የችግኙን ብዛትና የሚይዘውን ካርቦን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚኖርበትም አብራችሁ ቁጠሩ። ለያይተን ስንቆጥር ሁለቱንም እናጣለን።

መለያየቱን የጀመርነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የአየር ንብረት ስምምነቱም የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱም በአንድ ሰሞን ለፊርማ ቀረቡ፤ ኢትዮጵያም ሁለቱን እ.ኤ.አ. በ1994 አጸደቀች። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጽሕፈት ቤት፣ የራሱን ጉባኤና የራሱን የሪፖርት ቅጽ ይዞ ሄደ። ሁለቱን ጉዳዮች የሚከታተሉት ዓለም አቀፍ የሳይንስ አካላት የመጀመሪያውን የጋራ ሪፖርታቸውን ያወጡት በ2021 ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ቢሮ ከቢሮ አለመነጋገር የሀገራችን ብቻ አመል እንዳልሆነ ሳይ ትንሽ ተጽናናሁ። የሪፖርቱ ፍሬ ነገር የእናንተን ሥራ በቀጥታ ይመለከታል፤ ለካርቦን ሲባል አንድ ዓይነት መጤ ዛፍ በሰፊው መትከል ብዝኃ ሕይወትን ሊጎዳ ይችላል፣ ሊቀድም የሚገባውም ያለውን አለማፍረስ ነው።

ጭሱ በሕይወት ላይ ከሚያደርሰው ልጀምር። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 280 ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። ሙቀት ሲጨምር ዕፅዋትና እንስሳት ወደሚስማማቸው ቅዝቃዜ ይሸሻሉ፤ በእኛ ሀገር ሽሽቱ ሽቅብ ነው። ሽቅብ መሸሽ ደግሞ መጨረሻ አለው፤ ተራራው ያልቃል። በስሜንና በባሌ ተራሮች አናት የሚበቅለው ጅብራ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለውም። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የሚኖር፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ የቁራ ዘመድ ወፍ አለ፤ የእሱ ግዛት በሙቀት የታጠረ ነው። አየሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ መልቀሙንም ይቀንሳል። ዙሪያው ያለው መሬት ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም፤ ትንሽ ሞቅ ስለሚል ብቻ ወፉ አይሻገርም። ስለ ቡናም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አለ፦ እርምጃ ካልተወሰደ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ሽቅብ የሚወጣው ሁሉ የምንወደው ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት የቢሾፍቱን አካባቢ የሕክምና መዝገብ መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ ደርሶበታል። ቢሾፍቱ ከዚህ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው።

ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ሰምቷል። ብዙም የማይነገረው የመልሱ መንገድ ነው፤ ሕይወት ሲመናመን ካርቦኑም ማደሪያ ያጣል። ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህሉን የሚውጡልን የብሱና ባሕሩ ናቸው። በየብሱ ይህን የሚሠሩት ደንና አፈር ሲሆኑ፣ ደን ሲባል ደግሞ ግንድ ብቻ አይደለም። ዘሩን የሚዘራው፣ አበባውን የሚያዳቅለው፣ ቅጠሉን አበስብሶ አፈር የሚያደርገው ሁሉ ደን ነው። አንድ ምሳሌ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለማየት ከመሀል ከተማው መውጣት አያስፈልግምና።

ሾላን ውሰዱ። የሾላ አበባ የሚያብበው በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። የሚያዳቅለው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ተርብ ናት። አብዛኞቹ የሾላ ዘመዶች የየራሳቸው ተርብ አላቸው፤ ተርቧም አዋቂ ሆና የምትቆየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ አንዱ ዛፍ ሲጨርስ በአካባቢው ሌላው መጀመር አለበት። ዛፎቹ ሲሳሱ ተርቧ ትጠፋለች፣ ተርቧ ከጠፋች ሾላው ዘር አይሰጥም። ተርቧ ካለች ግን አንዱ ሾላ በአንዱ ወር፣ ሌላው በሌላው ወር ስለሚያፈራ፣ ሌሎች ዛፎች ባዶ በሚሆኑበት ጊዜ ሶሪት፣ ርግብና የሌሊት ወፍ ሲበሉ ይሰነብታሉ። ሶሪትን የማያውቅ ካለ፣ ስትበር ክንፏ ቀይ ሆኖ የሚገለጠው፣ ጉንጯ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ ናት፤ በአሮጌ ግቢዎች ውስጥ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትሮጥ ትታያለች። ይህች ወፍ የሾላን ዘር ብቻ አትዘራም። የጥቁር እንጨትን፣ የወይራን፣ የጥድን ፍሬም ውጣ ሌላ ግቢ፣ ሌላ ወንዝ ዳር ትጥለዋለች። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጨረታ።

እንዲህ ያሉ ዘሪዎች ሲጠፉ በካርቦን ላይ ምን እንደሚከተል በብራዚል የአትላንቲክ ደን ተጠንቷል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ትልልቅ ፍሬ የሚውጡት እንስሳት ሲያልቁ፣ ትልልቅ ዘርና ከባድ እንጨት ያላቸው ዛፎች ቀስ በቀስ ቦታቸውን ቀላል እንጨት ላላቸው ይለቃሉ። ደኑ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀጥላል፤ የሚይዘው ካርቦን ግን ይቀንሳል። ከሩቅ ለሚያይ ምንም አልተለወጠም። ወፍ የማትመጣበትን አረንጓዴ የማላምነው በዚህ ምክንያት ነው።

መሀል አዲስ አበባ ባዶ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች፣ በስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በፍል ውሃ አካባቢ፣ በአሮጌ ኤምባሲዎች አጥር ውስጥ ገና የቆሙ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ጋጋኖ በእነሱ ላይ ያድራል። ጠዋት ጠዋት ጩኸቱን የማይሰማ የለም፤ ዜማ አለው ብሎ የሚከራከርልኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ይህ ከአንገቱ ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበት ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የለም። ቀን በረጅም ምንቃሩ ከሣር ሥር ትልና ነፍሳት ሲለቅም ይውላል፣ ማታ ረጅም ዛፍ ይፈልጋል። ለእሱ ሣሩ ያለ ዛፉ፣ ዛፉም ያለ ሣሩ አይበቃም። ሣሩ ላይ ፀረ ተባይ በተረጨ ቁጥር ደግሞ ቀለቡ ይመረዛል።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። 50 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 115 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከዚህ ውስጥ ካርቦኑ 31 ኪሎ ግራም ያህል ነው፣ የቀረው ኦክስጅን ነው። ደረቅ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ስለሆነ፣ ያንን ጭስ መልሶ ለመያዝ 63 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ማደግ አለበት። አንድ ጊዜ የተሞላ የመኪና ታንክ ነው እንግዲህ። የእጅ ጣት የምታክል ችግኝ ይህን ዕዳ ለመክፈል ዓመታት ይፈጅባታል፤ ያውም ከጸደቀች። ስለዚህ ከተማዋ ጭሷን በችግኝ ታካክሳለች የሚለውን ንግግር ብንቀንሰው ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉና የእግረኛ መንገድ መስፋቱ፣ በጭሱ ረገድ ከብዙ የተከላ ዘመቻ የሚልቁ ይመስለኛል። የከተማ ዛፍ ዋና ሥራው ሌላ ነው፤ ጥላ ይሰጣል፣ ጎርፍ ያዘገያል፣ ለነፍሳትና ለወፍ ቤት ይሆናል።

በካርቦን ብቻ እንኳ ብንሄድ ትልቁ ሀብት ቆሞ ያለው ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 403 የዛፍ ዝርያዎችን ያካተተ ጥናት፣ አብዛኞቹ ዛፎች በወፈሩ ቁጥር በየዓመቱ የሚጨምሩት ክብደትም እንደሚያድግ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በልዩ ልዩ አህጉራት በሚገኙ 48 የደን ቦታዎች የተደረገ ልኬት፣ ከመቶ አንድ ብቻ የሚሆኑት፣ በውፍረታቸው ከሁሉ የሚበልጡት ዛፎች ከመሬት በላይ ካለው የዛፍ ክብደት ግማሽ ያህሉን እንደተሸከሙ አገኘ። አንድ አሮጌ ወይራ ቆርጦ «በምትኩ አሥር ችግኝ ተክለናል» ማለት በሬ አርዶ አሥር እንቁላል ገዛሁ እንደማለት ነው። በወይራው ግንድ ፍልቃቂ ጎጆ የሠራችው ወፍ ችግኙ ውስጥ መግባት አትችልም፤ ቅርፊቱን የሸፈነው የዛፍ ሽበትና ሽበቱ ውስጥ የሚኖረው ነፍሳት ሁሉ ከግንዱ ጋር ተጭኖ ይሄዳል።

ባሕር ዛፍን እዚህ ላይ እንድረግም የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። አልረግመውም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዙሪያዋ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ፈጥኖ አድጎ ከተማዋን በቦታዋ አቆያት። ዛሬም አጣናው የሕንፃ ሠራተኛ መቆሚያ፣ ቅጠሉና ጭራሮው የምጣድ ማገዶ ነው፤ ከእንጦጦ ሸክም ይዘው የሚወርዱ እናቶችም የሚኖሩት በእሱ ነው። ንብም አበባውን ትወደዋለች። ግን የዚያን ጊዜው ጥያቄ ማገዶ ነበር፣ ለማገዶም ትክክለኛው መልስ እሱ ነበር። በጥቂት ዓመታት ተቆርጦ የሚነድ እንጨት ካርቦኑን ይዞ አይቆይም፣ ወደ አየር ይመልሰዋል። ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። በእንጦጦና በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በኩል ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በሀገር በቀል ዛፍ የመተካቱ ሥራ ልክ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ እናቶቹ ሌላ እንጀራ ሳይታሰብላቸው እንዳይሆን ብቻ።

ከባሕር ዛፍ ይልቅ በመሀል ከተማ የሚያሳስበኝ ጌጡ ነው። ፓልም መንገድ ላይ ቆሞ ያምራል፤ ፎቶግራፍም ያሳምራል። ነገር ግን ግንዱ እንደ ሌላው ዛፍ ከዓመት ዓመት እየወፈረ አይሄድም፣ ጥላውም በእኩለ ቀን አንድ ሰው በቅጡ አያስጠልልም። በየቀኑ ውሃ የሚጠጣና በሞተር የሚታጨድ ሣርም እንዲሁ ነው፤ አረንጓዴ ይባላል እንጂ የሚያስተናግደው ፍጥረት ጥቂት ነው።

የምህንድስናውን ወገን ስሞታም አውቃለሁ፣ ትክክልም ነው። ሾላና ዋርካ በጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ አይተከሉም፤ ሥራቸው ቧንቧ ይፈነቅላል፣ ፍሬያቸው ሲወድቅ ያንሸራትታል፣ መኪና ያቆመውም ያማርራል። የእነሱ ቦታ ፓርክና ወንዝ ዳር ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ዝግባ መትከልም የኋላ ኋላ አናቱን ለመቁረጥ መፍረድ ነው። ለሰፋፊ መንገዶች ግን ወይራ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት ምን ይጎድላቸዋል? ወይራ በድርቅ አይደነግጥም፣ ሲከረከምም ይችላል። ዋንዛ ነጭ አበባውን ሲያፈስ ደግሞ ከጃካራንዳ የሚያንስበት ነገር አይታየኝም፤ ይህ የግል ጣዕሜ ነው፣ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ችግኝ ሥራው ጥቂት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በጨረታ ሰነዱ ላይ ነው። ሰነዱ «ቁመቱ ይህን ያህል የሆነ፣ ብዛቱ ይህን ያህል የሆነ ችግኝ» ብሎ ይጠይቅና ለማቅረቢያ አጭር ጊዜ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊደርስ የሚችለው ፈጥኖ የሚያድገው ብቻ ነው፤ ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጥድና መሰሎቻቸው ያሸንፋሉ። የወይራ ፍሬ ደንዳና ቅርፊት ስላለው ካልተሰነጠቀ ለመብቀል ይዘገያል። የዝግባም እንዲሁ። የጥቁር እንጨት ዘር በተቃራኒው ማስቀመጥ አይቻልም፤ ከተለቀመ ብዙም ሳይቆይ ካልተዘራ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ አንዱን ቀድሞ ማሰብ፣ ሌላውን በጊዜው መያዝ ያስፈልጋል። ሰነዱ ግን ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይጠራቸዋል።

ሌላም አለ። ኮሶ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው፤ የሐበሻ ጥድና ዝግባም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። በአንድ አደባባይ አንድ ኮሶ፣ በሌላው አደባባይ አንድ ኮሶ ብንተክል ያማሩ ብቸኞች ይሆናሉ እንጂ ዘር አይሰጡም። ዘሩ ሁሉ ከአንድ እናት ዛፍ ከተለቀመ ደግሞ ችግኞቹ ሁሉ ወንድምና እህት ናቸው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ሊጥል ይችላል። ብዝኃ ሕይወት የዝርያ ብዛት ብቻ ሳይሆን በአንዱ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነትም ነው። ዛፍ ለመቶ ዓመት ይተከላል ካልን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሙቀት ከልጆቹ የትኛው እንደሚችለው ዛሬ መለየት አንችልም። ልዩነቱን አብሮ መትከል ነው ያለን አማራጭ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በመሀል ከተማ አንድ አሮጌ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ምክንያቱ ይጻፍ፣ መንገዱን ወይም አጥሩን ጥቂት ማዞር አይቻል እንደሆነ ተጠይቆ መልሱ ከምክንያቱ ጋር ይቀመጥ። መቆረጡ ግድ ከሆነም ምትኩ በችግኝ ብዛት ሳይሆን በግንዱ ውፍረት ይሰላ። በጨረታ ሰነዱ ላይ የዝርያዎቹ ስምና ድርሻ ይግባ፣ ዘሩ ከስንት እናት ዛፎች እንደተለቀመም አቅራቢው ይግለጽ። ዝርዝሩን የሚያጣራላችሁ ሰው ሩቅ አይደለም፤ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ተጠብቀው የሚጠኑበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አራት ኪሎ በሳይንስ ግቢ ውስጥ ነው። ሀገሪቱ ካሏት 6,000 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች ከአሥር አንድ ያህሉ ሌላ ቦታ እንደማይገኝ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የቀበናን፣ የግንፍሌንና የባንትይቀጡን የወንዝ ዳርቻ በተመለከተ፣ ከውሃው አጠገብ ያለውን ሰቅ ሁሉ በድንጋይና በሣር አትሸፍኑት። ሰንሰል፣ እምቧጮና ቀጋ ይብቀሉበት፤ ከኋላቸው ሾላ ይቁም፤ የወደቀውን ቅጠል ሁሉ ጠርጋችሁ አታቃጥሉት፤ ቅጠሉ ሲቃጠል ካርቦኑ ወደ አየር ይወጣል፣ ሲበሰብስ ግን ጥቂቱ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ትሉም ጋጋኖውም ይበሉበታል። ግቢው ተዝረክርኮ ይታያል የሚል ካለ፣ የእግር መንገዱን ብቻ መጥረግ ይበቃል።

የተተከለውን በተተከለበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ስንቱ እንደጸደቀም በየዝርያው ለይታችሁ ለሕዝብ አውጡ። የጸደቀው ጥቂት ቢሆን እንኳ አይፈረድባችሁም፤ እኛም በመደባችን ላይ ስንቱ እንደሚሞት እናውቃለን። ግን የትኛው ዝርያ በየትኛው መንገድ ላይ እንደቆመ ካልተነገረን ለከርሞ የምናፈላውን አናውቅም።

ጊዜው ጠባብ ነው። ለ2019 ዓ.ም. ክረምት መሬት ላይ የሚውል ወይራና ዝግባ ዘሩ ከወዲሁ ካልተለቀመና ካልተዘራ አይደርስም። የምትፈልጉትን የዝርያ ዝርዝርና ድርሻ እስከ ሚያዝያ ብታሳውቁ፣ እንደ እኛ ያሉ አነስተኛ አፍዪዎች ተከፋፍለን ለማቅረብ እንችላለን። ዘር የሚለቀምባቸውን እናት ዛፎች ለማየት የሚፈልግ ባለሙያ ካላችሁም በማንኛውም የሥራ ቀን አብረን እንዞራለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህርና ችግኝ አፍይ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለከተማዋ ችግኝ አቅራቢ ማኅበራት